ፎቶ ወይስ ቪዲዮ? ለቤተሰባችን የትኛው ካሜራ ይሻላል?

በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ የአያት ወይም የአባት ፎቶ ተሰቅሎ ይታያል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው የተነሡት ነው። ልጆቻችን መልካቸውን የሚያውቁት ከዚያ ፎቶ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ልጅዎ መጥቶ፣ «እማዬ፣ አያቴ ሲናገሩ ድምፃቸው እንዴት ነበር? ሲመርቁስ ምን ይሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል? ፎቶው እንደሆነ ዝም ይላል።

በሌላ በኩል ደግሞ የሠርጋቸውን ዕለት በቪዲዮ ካሴት አስቀርጸው ያስቀመጡ ባለትዳሮች አሉ። ካሴቱ ዛሬም በቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ግን ከቤት ከወጣ ቆይቷል። ልጆቻቸው የእናታቸውን ቬሎ ያዩት ከካሴቱ ሳይሆን በዕለቱ ከተነሡት ጥቂት ፎቶዎች ነው።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል? ፎቶ ወይስ ቪዲዮ? ይህ ጥያቄ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት በየቤቱ ይነሣ ነበር። በዚያን ጊዜ «የኪስ ቪዲዮ ካሜራ» የሚባል ትንሽ መሣሪያ ወጥቶ ስለ ነበር፣ ከውጭ አገር ዘመድ ሊመጣ ሲል «የትኛውን ላምጣላችሁ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን ሁለቱንም የሚሠራ ስልክ በእጃችን ይዘናል። ሆኖም ጥያቄው አልቀረም። መልሱን ለማግኘት ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ብናያቸው ይጠቅመናል።

ሁለቱ መሣሪያዎች ምን ምን ናቸው?

ከኪስ ቪዲዮ ካሜራዎች ሁሉ ስሙ ጎልቶ የታወቀው «ፍሊፕ» የተባለው ነው። ሠሪው ፒዩር ዲጂታል ቴክኖሎጂስ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ ሲሆን፣ ፍሊፕ በሚለው ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መሣሪያው በሸሚዝ ኪስ የሚገባ ነው። በጀርባው ትንሽ ስክሪንና አንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አለው። ቀዩን ሲጫኑት ይቀርጻል፤ ደግመው ሲጫኑት ያቆማል። ካሴት አይፈልግም፤ ሚሞሪው ከውስጡ ነው። ከጎኑ ተስፈንጥሮ የሚወጣ የዩኤስቢ መሰኪያ ስላለው ያለ ገመድ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። በ2008 የወጣው ሚኖ የተባለው ዓይነት ክብደቱ ከ100 ግራም በታች ነበር። ኮዳክ ዚ6 እና ዚ8፣ ሶኒ ደግሞ ብሎጊ የተባሉትን ተመሳሳይ ካሜራዎች አከታትለው አወጡ።

መደበኛው ዲጂታል ካሜራ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ከ7 እስከ 12 ሜጋፒክስል የሚደርሱ ነበሩ። ፍላሽ አላቸው፤ ሌንሱ ወደ ፊት እየወጣ 3 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያቀርባል፤ ሚሞሪ ካርዱም ወጥቶ ይቀየራል። በዋናነት የተሠሩት ለፎቶ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ቪዲዮም ይቀርጹ ነበር። ፍሊፕ ግን ቪዲዮ ብቻ እንጂ ፎቶ አያነሣም ነበር።

የአንድ ባልና ሚስት ክርክር

ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ ባልና ሚስት በ2009 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ተከራክረው ቡና ሊጠጡ ወደ ቤታችን መጡ። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የባልየው ወንድም ለበዓል ሊመጣ ነው። «ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው ማምጣት የምችለው፤ ወስናችሁ ንገሩኝ» ብሏቸዋል።

ባል የኪሱን ቪዲዮ ካሜራ ይፈልጋል። ምክንያቱም ሆሳዕና ያሉት እናቱ ከ80 ዓመት አልፈዋል። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አስተዳደጋቸው፣ ስለ ቀድሞው ዘመን ሲያወሩ ሰው ከአጠገባቸው አይነሣም። የሚያወሩት በሀዲይኛ ነው። አዲስ አበባ ያደጉት የልጅ ልጆቻቸው ግን ቋንቋውን በቅጡ አያውቁትም። «እናቴ ካለፈች በኋላ ፎቶዋ ብቻ ቢቀርልኝ ምን ያደርግልኛል?» ይላል።

ሚስት ደግሞ ፎቶ ትፈልጋለች። «የልጆቹ ፎቶ ታትሞ ግድግዳዬ ላይ እንዲሰቀል፣ ለእናቴም በፖስታ እንዲላክ ነው የምፈልገው። እናቴ ኮምፒውተር የላትም። ቪዲዮውን በምን ታየዋለች?» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ባለቤቴ ሁለቱንም ካዳመጠ በኋላ ስለ ካሜራው አንድም ቃል ሳይናገር ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣቸው። «ከአሥር ዓመት በኋላ ከዚህ ካሜራ ውስጥ ምን ምን እንዲወጣላችሁ ትፈልጋላችሁ? ለየብቻ ጻፉት» አላቸው። የባል ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ የእናቱ ወሬ። የሚስት ዝርዝር ሰባት ነገሮች ነበሩት፤ ከሰባቱ አምስቱ ፎቶ፣ ሁለቱ ቪዲዮ ነበሩ። ዝርዝሩን አንድ ላይ ሲያዩት መልሱ ወለል ብሎ ታያቸው። አጭር ቪዲዮ መቅረጽ የሚችል መደበኛ ዲጂታል ካሜራና ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ እንዲመጣላቸው ተስማሙ።

ለበዓል ሆሳዕና ሲሄዱ ባል እናቱን በር ላይ አስቀምጦ፣ ካሜራውን በርጩማ ላይ አድርጎ፣ በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ቀረጻቸው። አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። እናቱ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ያ የአንድ ሰዓት ቅጂ ዛሬ በልጆቻቸው ሁሉ እጅ ይገኛል። ከልጅ ልጆቻቸው አንዷም የአያቷን ወሬ ወደ አማርኛ እየመለሰች በደብተር ጽፋዋለች።

ይህን ያነሣሁት ሁላችንም መደበኛ ዲጂታል ካሜራ እንግዛ ለማለት አይደለም። ዝርዝራቸው ሌላ ቢሆን ኖሮ መልሱም ሌላ ይሆን ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚመረጠው መሣሪያው ሳይሆን እንዲቀርልን የምንፈልገው ነገር ነው።

ልዩነታቸው የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ ለማተም። ብዙዎች «ከቪዲዮው ላይ ፎቶ እናወጣለን» ይላሉ። ይቻላል፤ ግን ምን ያህል መጠን ያለው ፎቶ? የመጀመሪያዎቹ የኪስ ካሜራዎች ምስል 640 በ480 ነጥብ ነበር። ይህ በጥሩ ጥራት ሲታተም ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው፤ የመታወቂያ ፎቶ ያህል ማለት ነው። 8 ሜጋፒክስል የሆነ ዲጂታል ካሜራ ግን በዚያው ጥራት 27 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፎቶ ያወጣል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ሁለቱ አይወዳደሩም።

ሁለተኛ፣ ለርዝመት። እዚህ ላይ ደግሞ የኪሱ ካሜራ ይበልጥ ነበር። ፍሊፕ አልትራ የተባለው በ2 ጊጋባይት 60 ደቂቃ ይቀርጻል። ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ዲጂታል ካሜራዎች ግን እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ ስለሚያስቀምጡ 1 ጊጋባይት ከአሥር ደቂቃ በታች ያልቅባቸው ነበር። ሌላም አለ። በኋላ የወጡ ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላቸው በራሳቸው ያቆማሉ። አንዱ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ሕግ ነበር። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጠየቅበት ስለ ነበር፣ ሠሪዎቹ ከዚያ በታች ገደቡት። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ካሜራ ሙሉ ፕሮግራም የሚቀርጽ ሰው ካሜራውን ትቶ ቢሄድ፣ ሲመለስ ግማሹን ብቻ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ለድምፅ። ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ፤ ዙም ምስሉን ያቀርባል እንጂ ድምፁን አያቀርብም። ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ሆነን የሙሽራዋን ፊት አቅርበን ብንቀርጽም፣ የምንሰማው ቃል ኪዳኗን ሳይሆን ከአጠገባችን የተቀመጠችውን ሴት ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ ድምፅ የምንፈልግ ከሆነ መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ከተናጋሪው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርቀት ላይ እንሁን። ማይክራፎን የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ካሜራ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። በ2009 የወጣው ኮዳክ ዚ8 ከኪስ ካሜራዎች መካከል ተለይቶ የተወደደው ይህ ቀዳዳ ስለ ነበረው ጭምር ነው።

አራተኛ፣ ለብርሃን። የዲጂታል ካሜራ ፍላሽ በጨለማ ቤት ውስጥ ለፎቶ ይጠቅማል። ሆኖም የትንንሾቹ ካሜራዎች ፍላሽ የሚደርሰው ከ3 እስከ 4 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከአዳራሹ ጫፍ ሆነው መድረክ ላይ ያሉትን መዘምራን በፍላሽ የሚያነሡ ሰዎች የሚያበሩት የፊት ወንበር የተቀመጡትን ሰዎች ጀርባ ነው። ለቪዲዮ ደግሞ ፍላሽ አይሠራም። የምንቀርጸውን ሰው ፊቱን ወደ መስኮት አዙረን ማስቀመጥ እንጂ መስኮቱን በጀርባው ማድረግ የለብንም። ከጀርባው ብርሃን ከመጣ ፊቱ ይጠቁራል።

ከአሜሪካ የሚመጣ መሣሪያ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታይ። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ግን 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ በሸንበቆ አምፖል በበራ አዳራሽ ውስጥ ስንቀርጽ ምስሉ ሊርገበገብ ወይም ሰንበር ሊታይበት ይችላል። ካሜራው 50 እና 60 የሚል ምርጫ ካለው ወደ 50 እንለውጠው። ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ሳናረጋግጥ አንሰካው።

አምስተኛ፣ ለቀላልነት። የፍሊፕ ትልቁ ብልጫ ይህ ነበር። ዙሙ ደካማ ነው፤ ፍላሽ የለውም፤ የሚስተካከል ነገርም የለውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅም ሆነች አያቷ ቀዩን ቁልፍ መጫን ይችላሉ። ብዙ ቁልፍ ያለው ውድ ካሜራ ገዝቶ አባት ብቻ የሚነካው ከሆነ፣ በዚያ ቤት ፎቶዎች ውስጥ አባት የለም። ሁልጊዜ አንሺው እሱ ነውና!

ከመግዛታችን በፊት እንጠያየቅ

ባልና ሚስት አንድ ነገር ከመግዛታቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ቁጭ ብለው ቢመልሱ ከብዙ ክርክርና ከብዙ ወጪ ይድናሉ።

1. ምን እንዲቀርልን እንፈልጋለን? በየፊናችን እንጻፈው። የልጅ የመጀመሪያ እርምጃ፣ የመጀመሪያ ቃል፣ የወላጅ ምርቃት፣ የአዛውንት ወሬ፣ የመዘምራን ዝማሬ ቪዲዮ ይፈልጋሉ። የቤተሰብ ስብስብ፣ የትምህርት ቤት ምረቃ፣ የሙሽሮች መልክ፣ የአሮጌ ደብዳቤና የአሮጌ ፎቶ ቅጂ ግን ፎቶ ይበቃቸዋል።

2. ማን ይይዘዋል? የሚይዘው ሰው ቶሎ የሚለምደው መሆን አለበት።

3. ማን ያየዋል? በምንስ ያየዋል? ገጠር ላሉ ወላጆች የምንልከው ከሆነ የታተመ ፎቶ መብራትም ኢንተርኔትም አይፈልግም።

4. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? ካሜራው ብቻ አይደለም። ሚሞሪ ካርድ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ማስቀመጫ ሃርድ ዲስክና ማሳተሚያው አብረው ይደመሩ። ፍሊፕ አልትራ በየሱቁ በሚሸጥ የባትሪ ድንጋይ ይሠራ ስለ ነበር፣ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ራሱ አንድ ምክንያት ነበር።

5. ያለን ነገር አይበቃምን? ይህን ጥያቄ የመጨረሻ ያደረግሁት ስለሚረሳ ነው።

የኪሱ ካሜራ የት ገባ?

ፍሊፕ ከ2 ሚሊዮን በላይ ከተሸጠ በኋላ፣ ሲስኮ የተባለው ትልቅ የኔትዎርክ መሣሪያ ኩባንያ በ2009 ሠሪውን ኩባንያ በ590 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በኤፕሪል 2011 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሙሉ በሙሉ ዘጋው፤ 550 ሠራተኞችም ከሥራ ወጡ። ኮዳክም በ2012 መጀመሪያ ላይ ዲጂታል ካሜራና የኪስ ቪዲዮ ካሜራ መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። ቪዲዮ የሚቀርጹ ስልኮች እየበዙ ሲሄዱ፣ ለቪዲዮ ብቻ ሌላ መሣሪያ የሚይዝ ሰው እያነሰ ሄደ።

መደበኛው ዲጂታል ካሜራም አልተረፈም። የጃፓን የካሜራ ሠሪዎች ማኅበር በሚያወጣው አሐዝ መሠረት፣ በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ለዓለም ገበያ ቀርበው ነበር። በ2023 ግን ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል።

ሁለቱም ግን ጨርሰው አልጠፉም። በ2023 የወጣው ዲጄአይ ኦዝሞ ፖኬት 3 የዘመኑ የኪስ ቪዲዮ ካሜራ ነው። ሌንሱ እጃችን ሲንቀጠቀጥ በራሱ እየተስተካከለ ስለሚቆም፣ እየተራመድን ብንቀርጽ እንኳ ምስሉ አይናወጥም። ትንንሾቹ ዲጂታል ካሜራዎችም በወጣቶች ዘንድ እንደገና ተፈላጊ ሆነዋል፤ በየመሳቢያው የተረሱት ሳይቀሩ እየተፈለጉ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ለሚጠይቁኝ ባለትዳሮች የምሰጠው ምክር ይህ ነው። ደህና ስልክ ካላችሁ ለቤት አገልግሎት ሌላ ካሜራ አትግዙ፤ በዚያ ገንዘብ ሃርድ ዲስክ ግዙና የቀረውን ፎቶ አሳትሙበት። የሩቅ ነገር የምታነሡ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጃችሁ መድረክ ላይ ሲዘምር፣ ኦፕቲካል ዙም ያለው ዲጂታል ካሜራ አሁንም ከብዙ ስልኮች ይሻላል። እየተንቀሳቀሰ ለሚቀርጽ፣ ለምሳሌ የጉዞና የአገልግሎት ዘገባ ለሚሠራ ወጣት፣ የኪሱ ቪዲዮ ካሜራ ይመቸዋል። ሙሉ ጉባኤ ለሚቀርጽ ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለቱም አይበቁም። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ከመብራት ጋር የሚሰካ ካሜራና ከድምፅ ማጉያው በቀጥታ የሚመጣ ገመድ ያስፈልገዋል።

በመሳቢያ ውስጥ ያለው ይውጣ

ውድ አንባቢያን፣ እስካሁን ስለ መምረጥ ተነጋገርን። አሁን ደግሞ ስለ ማትረፍ እንነጋገር። በብዙ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ ባትሪው ያለቀ ፍሊፕ ወይም አሮጌ ዲጂታል ካሜራ አለ። በውስጡም ማንም ያልገለበጠው ነገር አለ፤ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ድምፅም ሊኖር ይችላል። እንደ ፍሊፕ ያለ ካሜራ ሚሞሪው ከውስጡ ስለሆነ መሣሪያው ሲበላሽ ቅጂውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ብናደርግ መልካም ነው።

መጀመሪያ፣ በውስጡ የቆየ የባትሪ ድንጋይ ካለ እናውጣ። ካረጀ ፈሳሽ አውጥቶ መሣሪያውን ይበላዋል። ቀጥሎ ካሜራውን ኮምፒውተር ላይ እንሰካ። ፍሊፕ ልክ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል፤ ቪዲዮዎቹ ዲሲአይኤም በሚል ፎልደር ውስጥ ናቸው። የፍሊፕ የራሱ ፕሮግራም ባይሠራም ችግር የለም፤ ፋይሎቹን ብቻ እንገልብጥ። ኮምፒውተሩ አላጫውት ካለ ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ ይከፍታቸዋል። የዲጂታል ካሜራ ከሆነ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተን በካርድ ማንበቢያ እንገልብጥ።

ከዚያም ሁለት ቦታ እናስቀምጥ፤ አንዱ በቤታችን፣ ሌላው በእህት ወይም በወንድም ቤት ይሁን። ቤት ላይ አደጋ ቢደርስ ሁለቱ አብረው እንዳይጠፉ ነው። ስምም እንስጣቸው፤ «እናታችን፣ ሆሳዕና፣ 2002 ዓ.ም.» ብለን ብንጽፍ፣ ልጆቻችን ከብዙ ፋይል መካከል ያገኙታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ በደንብ መከፈቱን ሳናይ ከካሜራው ላይ ምንም አናጥፋ።

አቀራረጽም ሥነ ሥርዓት አለው

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራ የያዘ ሰው በበዓሉ ውስጥ ሆኖም ከበዓሉ ውጭ ነው። ልጁ ሻማ ሲያጠፋ አባቱ የሚያየው ትንሿን ስክሪን ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ተራ ይግቡ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ይቀረጽ፤ ከዚያ ካሜራው ይቀመጥ። በውኃ ጥምቀት ወይም በሠርግ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ይመደብ። ሃምሳ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቆም፣ ከኋላ የተቀመጡ ወላጆች የልጃቸውን ሠርግ የሚያዩት በሰው ስልክ ስክሪን ነው።

ሰውንም እናስፈቅድ። የታመመን ሰው አልጋ ላይ ሳለ፣ ያዘነን ሰው እያለቀሰ መቅረጽ ፍቅር አይደለም። አዛውንት ስንቀርጽም «እዚህ ካሜራ ላይ ይዩና ይናገሩ» አንበላቸው። ካሜራውን እናስቀምጥና እኛ ከፊታቸው ቁጭ ብለን እንጠይቃቸው። «ሠርግዎ ዕለት ምን ለበሱ?» «አባትዎ ምን ብለው መረቁዎት?» ትንሽ ቆይተው ካሜራውን ይረሱታል፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ድምፃቸው ይመጣል። ሲጨርሱ አንድ ጥሩ ፎቶ እናንሣቸውና አሳትመን ይዘንላቸው እንሂድ። ቪዲዮው ለእኛ፣ ፎቶው ለእርሳቸው ይሁን።

እናትና አባታችሁ በሕይወት ካሉ፣ አዲስ ካሜራ እስኪገዛ አትጠብቁ። ዛሬ በእጃችሁ ያለው መሣሪያ፣ ስልክም ይሁን የ2008 ፍሊፕ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠይቋቸው ባትሪውን ሞልታችሁ ሂዱ። ያን ማታም ቅጂውን ሁለት ቦታ ሳታስቀምጡ አትተኙ።